የሰምርኔስ ሰማዕት ፈለግ፦ ከኤፌሶን እስከ ፊልድልፍያ

ቅዱስ ፖሊካርፐስ ጳጳስ ሆኖ የተሾመባት ሰምርኔስ የዛሬዋ ኢዝሚር ናት፤ በቱርክ ምዕራብ ዳርቻ፣ በኤጂያን ባሕር ሰላጤ ዙሪያ የተዘረጋች ትልቅ የወደብ ከተማ። በስንክሳራችን መታሰቢያው የካቲት 29 ነው። ይህ ጉዞም የታቀደው በዕለቱ እርሱ በእሳት በተፈተነበት ተራራ ላይ ለመገኘት ነበር። በ2017 ዓ.ም. የካቲት 29 ቅዳሜ ዋለ። ፖሊካርፐስም የተያዘው ዓርብ ማታ፣ የተገደለው ቅዳሜ ስለሆነ የጉዞው ቀናት ከታሪኩ ቀናት ጋር ገጠሙ።

ወደዚያ የሚሄድ ሰው ከሻንጣው በፊት ማዘጋጀት ያለበት ደብዳቤውን ነው። የሰምርኔስ ምእመናን አባታቸው ከተሠዋ በኋላ ለፊሎሜልዩም (ለዛሬዋ አክሼሂር) ቤተ ክርስቲያን የላኩት ይህ ጽሑፍ ከሐዲስ ኪዳን ውጭ ካሉ የሰማዕታት ታሪኮች ሁሉ ቀዳሚው እንደሆነ ይነገርለታል። አጫጭር 22 ምዕራፎች ናቸው፤ በግማሽ ሰዓት ተነበው ያልቃሉ። ኢዝሚር ውስጥ ከፖሊካርፐስ ዘመን ቆሞ የቀረ ድንጋይ ጥቂት ነው። ደብዳቤውን ሳያነብ የሄደ ሰው ቤትና መንገድ ብቻ አይቶ ይመለሳል።

የካቲት 25፣ ማክሰኞ፦ ኢዝሚር

የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ቪዛውን ከመነሳቱ በፊት መጨረስ አለበት። በአሜሪካ ፓስፖርት ለሚጓዙ ወገኖች ግን ከ2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለጉብኝት ቪዛ አያስፈልግም። ከአዲስ አበባ ኢስታንቡል፣ ከዚያ ሌላ አንድ ሰዓት ያህል በረራ ወደ ኢዝሚር። የቱርክ ሰዓት ከእኛ ጋር እኩል ስለሆነ ሰዓት ማስተካከል የለም። ፀሐይ ግን በዚህ ወቅት የምትወጣው ከጧቱ 1 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ሳይነጋ እነሳለሁ ያለ ሰው ጨለማው እንደ ሀገር ቤት በ12 ሰዓት እንደማይገፈፍ አስቀድሞ ይወቅ።

ከአውሮፕላን ማረፊያው ወደ መሀል ከተማ በኢዝባን ባቡር ይመጣል። ሂላል ጣቢያ ወርዶ በሜትሮ አንዲት ፌርማታ ተጉዞ ባስማኔ። ለሁሉም የሚያገለግለው ‹ኢዝሚሪም ካርት› የሚባለው ካርድ ነው። ኢዝባን የሚያስከፍለው በርቀት ስለሆነ ሲገቡ ለረጅሙ መንገድ የሚበቃ ሂሳብ ይይዛል፤ ሲወርዱ መውጫው አጠገብ ባለችው ማሽን ካርዱን ካስነኩ ትርፉን ይመልሳል። ማሽኗን ሳያዩ የሚያልፉ እንግዶች ለአጭር መንገድ የረጅሙን ይከፍላሉ። ካርዱ ላይ ያለው ገንዘብ ጥቂት ከሆነም በሩ አይከፈትም፤ ከኋላ ያለው ሰልፍ ይቆማል።

ማደሪያ ባስማኔ አካባቢ መያዝ ይሻላል። አጎራው (የጥንቱ የገበያ አደባባይ)፣ የቅዱስ ፖሊካርፐስ ቤተ ክርስቲያንና የቅዱስ ቩቆሎስ ቤተ ክርስቲያን በእግር የሚደረስባቸው ናቸው፤ የሀገር ውስጥ ባቡሮችም የሚነሱት ከባስማኔ ጣቢያ ነው። ለሁለት ሰው የሚሆን ንጹሕ ክፍል 1,500 ሊራ ተገኘ። አንድ ሊራ በጊዜው ወደ 3 ብር ከ50 ይመነዘር ነበር። ሰፈሩ የስደተኛና የመንገደኛ ሰፈር ነው፤ ማታ ጫጫታ አለው፣ ክፍል ሲጠይቁ ከመንገዱ ጀርባ ያለውን ይጠይቁ።

የጾም ነገር አሳሳቢ ሊመስል ይችላል። ዐቢይ ጾም ገብቶ ነበር፤ ረመዳንም ከገባ ቀናት ተቆጥረዋል። ሆኖም ይህ አገር በዘይት ወይራ የሚበላ አገር ነው። ጧት ጎዳና ላይ የሚሸጠው ሰሊጥ የለበሰ ቀለበት ዳቦ፣ ኢስታንቡሎች ሲሚት፣ ኢዝሚሮች ጌቭሬክ የሚሉት፣ በጊዜው 15 ሊራ ነበር። ቦዮዝ የሚባለው ንብብር ቂጣ ከስፔን የተሰደዱ አይሁድ ያመጡት ነው፤ በቅቤ ሳይሆን በዘይት ይሠራል፤ ከጎኑ የሚያቀርቡትን እንቁላል ብቻ መተው ነው። ቺ ኮፍቴ ስሙ የጥሬ ሥጋ ይምሰል እንጂ በየሱቁ የሚሸጠው ከቅንጬና ከቃሪያ የሚለወስ ሥጋ የሌለው ምግብ ነው፤ ማቃጠሉ ለኛ ምላስ ይስማማል። መጠንቀቅ የሚያስፈልገው በምስር ሾርባው ነው። ብዙ ቤት በሥጋ መረቅ ይቀቅሉታል ወይም ሲያቀርቡ የጋለ ቅቤ ያፈሱበታል። ‹ኤት ሱዩ ቫር ማ?› ብሎ ስለ መረቁ መጠየቅ፣ ‹ተሬያሥዝ› ብሎ ቅቤውን ማስቀረት ይበቃል።

የማደሪያው ባለቤት፣ እንግዶቿ ሁሉ ‹ተይዜ› የሚሏት አሮጊት፣ ራሷም በረመዳን ጾም ላይ ነበረች። ቁርስ እንደማንበላና እስከ 9 ሰዓት እንደምንጾም ሲነገራት ማብራሪያ አልጠየቀችም። አይብና እንቁላሉን አንስታ ዳቦ፣ ወይራና ከወፈረ የወይን ጭማቂ ጋር የተለወሰ ጣሂና (የሰሊጥ ልቁጥ) ጠቅልላ ለመንገድ አስያዘች። በየቀኑም እንዲሁ አደረገች። የእንግዳ ማረፊያው ቁርስ ከክፍሉ ዋጋ ጋር የታሰበ ስለሆነ፣ የሚጾም ሰው በስንቅ እንዲቀየርለት ቢጠይቅ ነውር አይደለም።

የካቲት 26፣ ረቡዕ፦ ኤፌሶን

ከባስማኔ ወደ ሴልቹክ የሚሄደው የክፍለ ሀገር ባቡር አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይወስዳል። በኢዝባንም ይደረሳል፤ ግን ቴፔኮይ ላይ መቀየር አለ፣ የሚቀጥለውን ለመጠበቅም ጊዜ ይሄዳል።

ከሴልቹክ ጣቢያ ወጥቶ ወደ አያሱሉክ ኮረብታ አጭር እግር መንገድ ነው። ላዩ ላይ በ6ኛው ክፍለ ዘመን ዮስጢንያኖስ ያሠራው የቅዱስ ዮሐንስ ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ አለ፤ ስድስት ጉልላት የነበረው፣ በመስቀል ቅርጽ የተሠራ ታላቅ ሕንፃ። ወንጌላዊው የተቀበረበት ቦታ በእብነ በረድ ወለል ላይ በአራት ዓምዶች ተከቦ ይታያል። የፖሊካርፐስን ጉዞ ከዚህ የሚጀምር ሰው ትክክል ነው። ሄሬኔዎስ፣ በሃይማኖተ አበው የምናውቀው የልዮን ጳጳስ፣ በልጅነቱ ፖሊካርፐስን አይቶታል። የሚቀመጥበትን ቦታ፣ አወጣጡንና አገባቡን፣ ስለ ዮሐንስና ጌታን ስላዩት ሌሎች የሚናገረውን በቅርብ ካጠናው ትምህርት ይልቅ አጥርቶ እንደሚያስታውስ ጽፏል። ለሰምርኔስ የሾሙት ሐዋርያት እንደሆኑ የሚነግረንም እርሱ ነው፤ የጥንቱ ጸሐፊ ጠርጡልያኖስ ዮሐንስን በስም ይጠቅሳል።

የኤፌሶን ከተማ ፍርስራሽ መግቢያ በጊዜው 40 ዩሮ ነበር፤ በየትኛውም መለኪያ ውድ ነው። ወደ ታችኛው በር ከሴልቹክ በዶልሙሽ (በሚኒባስ ታክሲ) ይኬዳል። ጉብኝቱን ከላይኛው በር ጀምሮ ቁልቁል መውረድ ይቀላል፤ ግን ዶልሙሹ የሚያደርሰው ታች ነው፣ ላይ ለመድረስ ታክሲ ያስፈልጋል። እስከ 9 ሰዓት ለሚጾም ሰው ይህ ወጪ የሚቆጭ አይደለም፣ የእብነ በረዱ መንገድ ሽቅብ ሲሄዱት ጉልበት ይጨርሳልና።

ሄሬኔዎስ ከፖሊካርፐስ አፍ የሰሙ ሰዎች ነገሩኝ ብሎ የጻፈው አንድ ታሪክ የዚህ ከተማ ነው። ዮሐንስ ሊታጠብ ወደ ሕዝብ መታጠቢያ ገብቶ መናፍቁ ቄርንጦስ ውስጥ እንዳለ ሲያይ፣ የእውነት ጠላት እዚህ ስላለ ቤቱ ሳይደረመስብን እንውጣ ብሎ ሳይታጠብ ሮጦ ወጣ። የትኛው መታጠቢያ እንደሆነ አልተጻፈም፤ ኤፌሶን ደግሞ ብዙ መታጠቢያ ያላት ከተማ ናት። ወደ ወደቡ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለው ግዙፉ የመታጠቢያ ቤት ፍርስራሽ አጠገብ ቆሞ ታሪኩን ማንበብ ግን ይቻላል። ደቀ መዝሙሩም እንደ መምህሩ ነበር፤ መናፍቁ መርቅያን ‹ታውቀኛለህን?› ቢለው ‹የሰይጣን በኩር መሆንህን አውቃለሁ› ብሎ መለሰለት።

አስጎብኚዎች ቡድናቸውን እያጣደፉ የሚያልፉት፣ የእኛ ሰው ግን ሊያልፈው የማይገባ ቦታ በታችኛው በር አቅራቢያ ከዋናው መስመር ወጣ ብሎ አለ፦ ‹መርየም ኪሊሴሲ› የሚል ምልክት ያለው የእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን። እ.ኤ.አ. በ431 ሦስተኛው ዓለም አቀፍ ጉባኤ የተሰበሰበበት ነው፤ በየቅዳሴው የምንሰማው የኤፌሶን ጉባኤ። ረጅም የድንጋይ ግድግዳና የተጠማቂዎች ገንዳ ቀርቶታል። ሰው የለበትም፣ ጸሎት ለማድረስ ይመቻል።

ማታ ባቡሩ ወደ ኢዝሚር ሲመለስ የጥንቱን የኤፌሶን መንገድ አቅጣጫ ይከተላል። በኋላ ዘመን የተጻፈ አንድ ገድል የፖሊካርፐስን ልጅነት በዚሁ መንገድ መጨረሻ፣ በሰምርኔስ የኤፌሶን በር ላይ ያስቀምጠዋል። ካሊስቶ የምትባል አንዲት ጻድቅ ባለጸጋ በሕልሟ መልአክ አይታ ወደዚያ በር ላከች፤ ከምሥራቅ የመጣ ሕፃን ከሁለት ሰዎች ተገዝቶ መጣላት። አድጎ የጎተራዋ መጋቢ ሆነ፤ እርሷ በሌለችበት ጎተራውን ለድኻና ለመበለት አካፍሎ ጨረሰው። ተከሶ ስትመለስ ጸለየ፤ ጎተራውም ሞልቶ ተገኘ። ደብዳቤውን የጻፉት የዘመኑ ሰዎች ይህን አያነሱም። ሰምርኔስ ግን አባቷን በዘመናት ሁሉ እንዴት ታስታውሰው እንደነበር ያሳያል፤ ከጳጳስነቱ አስቀድማ ሰጪነቱን ነው ያነሳችው።

የካቲት 27፣ ሐሙስ፦ ጴርጋሞን

ወደ ሰሜን፣ በኢዝባን እስከ አሊያጋ፣ ከዚያ በከተማ አውቶቡስ ወደ ቤርጋማ፣ የጥንቷ ጴርጋሞን። ባቡሩም አውቶቡሱም በአንድ ካርድ ስለሚከፈል ከዋናው የአውቶቡስ መነኸሪያ ከመሳፈር ርካሽ ነው። ጊዜ ግን ይበላል፤ ደርሶ መልስ ከአምስት ሰዓት በላይ መንገድ ላይ ይጠፋል። ባቡሩ ሲዘገይ የአሊያጋው አውቶቡስ አይጠብቅም፤ በዕለቱም አልጠበቀም፣ ቀጣዩ እስኪመጣ ነፋስ የሚያፏጭበት መጠለያ ሥር መቆም ነበር።

ጴርጋሞን የተመረጠችው በአንድ ስም ምክንያት ነው። በዮሐንስ ራእይ ምዕራፍ 2 ቁጥር 13 ላይ ጌታ ‹የታመነው ምስክሬ› ብሎ የሚጠራው አንቲጳስ የተገደለው እዚህ ነው። መጽሐፍ ከዚህ በላይ አይናገርም። የምሥራቅ ክርስቲያኖች ትውፊት የቀረውን ይሞላል፦ የጴርጋሞን ጳጳስ ነበር፣ በድምጥያኖስ ዘመን ከናስ በተሠራ በሬ ሆድ ውስጥ ተዘግቶ ከሥሩ እሳት ነደደበት፣ እየጸለየ አረፈ። ግሪኮች ጥርሱን የታመመ ሰው በስሙ እንዲለምን ያስተምራሉ።

ወደ አክሮፖሉ (በተራራው ራስ ላይ ወዳለው የጥንቱ ከተማ) የሚያወጣ የገመድ መኪና አለ፤ ነፋስ ሲበረታ ግን ያቆማል። እኛም የደረስነው ቆሞ ነው። አማራጩ ታክሲ ወይም ተራራውን እየዞረ የሚወጣ ረጅም የእግር መንገድ ነው። ከታክሲ ሹፌሩ ጋር ዋጋውን ደርሶ መልስ ብሎ መዋዋል ያስፈልጋል፤ ለመውጣት ብቻ የተዋዋለ ሰው ላይ ላይ ሌላ መኪና አያገኝም፣ ለመውረድ የተጠየቀውን ይከፍላል። ላይ ሲደርሱ ቁልቁለቱ ላይ የተለጠፈው ቲያትር ያስደነግጣል፤ ደረጃውን ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ሰው እጁን የሚያስደግፍበት የለውም፣ ዝናብ ካለ አይሞከር። የዜውስ መሠዊያ የነበረበት ቦታ ላይ መሠረቱና ዛፎች ብቻ ቀርተዋል፤ ቅርጻ ቅርጹ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በርሊን ተወስዷል። በራእዩ ‹የሰይጣን ዙፋን› የተባለው ይህ መሠዊያ ነው የሚሉ ብዙ ናቸው።

ለእኔ ግን ከላይኛው ይልቅ ታች ከተማው መካከል ያለው ቀዩ አዳራሽ ይበልጣል። በ2ኛው ክፍለ ዘመን ለግብፅ አማልክት የተሠራ የቀይ ጡብ ቤተ ጣዖት ነው፤ ወንዙ ከግቢው ሥር በሁለት ዋሻዎች ያልፋል። በኋላ ክርስቲያኖች ውስጡ ቤተ ክርስቲያን ሠሩበት። ከጎኑ ካሉት ሁለት ክብ ግንቦች አንዱ ዛሬ መስጊድ ነው። ግድግዳው ከቁመቱ ብዛት የተነሣ ሥሩ የቆመውን ሰው ትንሽ ያደርገዋል። አንቲጳስ ‹አልሰግድም› ያለባት ከተማ ምን ያህል ሀብትና ኃይል እንደነበራት የሚገባው እዚህ ነው።

ቤርጋማ ከኢዝሚር ይልቅ ረመዳንን አጥብቃ ትይዛለች፤ ቀን ላይ ትንንሾቹ ምግብ ቤቶች ዝግ ነበሩ። ስንቅ ይዞ መሄድ፣ ሲበሉም ዞር ብሎ መብላት መልካም ነው።

የካቲት 28፣ ዓርብ፦ አጎራ እና ቅዱስ ቩቆሎስ

ጧት ወደ አጎራው። የሚታየው ነገር ከየትኛው ዘመን እንደሆነ አስቀድሞ ማወቅ ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ178 የመሬት መንቀጥቀጥ ሰምርኔስን ጣላት፤ መልሶ ያሠራት ንጉሡ ማርቆስ አውሬሊዎስ ነው። ስለዚህ ዛሬ የቆሙት ዓምዶችና በሚስቱ በፋውስቲና ስም የሚጠራው ቅስት ፖሊካርፐስ ካረፈ ከሃያ ዓመት በላይ በኋላ የተተከሉ ናቸው። ቦታው ግን ያው ቦታ ነው፤ ጳጳሱ በአህያ ተቀምጦ ወደ ከተማ ሲገባ የተመለከተው ሕዝብ የሚገበያይበት።

ከሁሉ የሚደንቀው ከምድር በታች ነው። የቅስቶቹ ረድፍ ሙሉ ነው፤ በአንደኛው በኩል ውሃ እስከ ዛሬ በቦዩ ይፈስሳል። በልስኑ ላይ የጥንት ሰዎች በቀለምና በስለት የተዉአቸው ጽሑፎች፣ መርከቦችና የታጋዮች ሥዕሎች ተገኝተዋል። ከጽሑፎቹ አንዱ የክርስቲያን እጅ ነው፦ በግሪክ ፊደላት ቁጥር ‹ጌታ› እና ‹እምነት› የሚሉት ቃላት ሁለቱም 800 እንደሚሆኑ ያሰላል። ፊደልን በቁጥር የሚቆጥር ሰው ለእኛ ሊቃውንት እንግዳ አይደለም። ልስኑ የሚፈረፈር ስለሆነ ወደ ግድግዳው መቅረብ አይፈቀድም፤ በእጅ የሚያዝ ደህና ባትሪ ካለ ከሩቅም ይታያል።

ከአጎራው ወደ ባስማኔ ሲመለሱ የቅዱስ ቩቆሎስ ቤተ ክርስቲያን አለ። ቩቆሎስ በትውፊት ከፖሊካርፐስ በፊት የነበረው የሰምርኔስ ጳጳስ ነው። የ19ኛው ክፍለ ዘመን የግሪክ ኦርቶዶክስ ሕንፃ ሲሆን እ.ኤ.አ. ከ1922ቱ ታላቅ ቃጠሎ ከተረፉት ጥቂት ነገሮች አንዱ ነው። በኋላ የከተማው ሙዚየም ሆኖ አገልግሏል፤ አሁን ታድሶ የባህል ዝግጅት ይደረግበታል፣ አልፎ አልፎም ቅዳሴ ይቀደስበታል። ዝግጅት በሌለበት ቀን ዘበኛው በትሕትና ከተጠየቀ ያስገባል።

ዓርብ ማታ የደብዳቤው ምዕራፍ 5 እስከ 8 የሚነበብበት ሰዓት ነው። ፖሊካርፐስ ከተማው ውስጥ መቆየት ፈልጎ ነበር፤ ወዳጆቹ ለምነው ወደ አንድ የእርሻ ቤት ወሰዱት። ከመያዙ ሦስት ቀን በፊት ሲጸልይ ትራሱ በእሳት ሲነድ አየ፤ ‹በሕይወቴ ሳለሁ ልቃጠል ይገባኛል› አላቸው። ወደ ሁለተኛ ቤት ተዛወረ፤ ወታደሮቹ ሁለት ብላቴኖችን ያዙ፣ አንዱ በግርፋት ብዛት ቦታውን ተናገረ። ዓርብ በእራት ሰዓት ፈረሰኞች እንደ ሽፍታ ሊይዙት መሣሪያ ይዘው ወጡ። ሰገነት ላይ ነበር፤ ማምለጥ ይችል ነበር፤ ‹የእግዚአብሔር ፈቃድ ይሁን› ብሎ ወረደ። ከዚያ ያደረገው ነገር ነው ደብዳቤውን ከብዙ ገድል የሚለየው፦ በዚያ ሰዓት ለመጡት ሰዎች የሚበቃቸውን ያህል የሚበላና የሚጠጣ እንዲቀርብ አዘዘ። እርሱ አንድ ሰዓት ለጸሎት ለመነ፤ ቆሞ ሁለት ሰዓት ጸለየ፤ ከመጡት ብዙዎቹ እንዲህ ያለ ሽማግሌ ለመያዝ በመምጣታቸው ተጸጸቱ።

የእርሻ ቤቶቹ ቦታ በደብዳቤው አልተጻፈም፤ ስለዚህ የሚጎበኝ የለም። ንባቡን ማደሪያው ሰገነት ላይ አደረግነው። ፀሐይ ከምሽቱ 1 ሰዓት አለፍ ብላ ስትጠልቅ አዛን ተሰማ፤ መንገዱ በአንድ ጊዜ ጭር አለ፣ ከተማው ሁሉ ማዕድ ላይ ነበር። ተይዜ ‹የጾማችሁ ነው› ብላ በዘይት ወይራ የተሠራ አርቲቾክና ባቄላ ላከችልን። በዚህ ሰዓት ምግብ ቤት መፈለግ አይበጅም፤ ሁሉም በኢፍጣር እንግዳ ይሞላል፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ ግን ወንበር ይገኛል።

የካቲት 29፣ ቅዳሜ፦ ካዲፌካሌ

የጥንቱ የጳጎስ ተራራ ዛሬ ካዲፌካሌ ይባላል። ከመሀል ከተማው ከኮናክ አውቶቡስ ይወጣል፤ ባለ ጉልበት ሰው በእግሩም ይወጣዋል፣ ደረጃውና ጠባብ መንገዱ ግን ቀጥ ያለ ነው። ሰፈሩ የድኾች ሰፈር ነው፤ ቀን መሄድ፣ ካሜራን አለማንጠልጠል፣ ሰውን ሳይጠይቁ አለማንሳት ይገባል። ምሽጉ መግቢያ ክፍያ የለውም። በሩ አካባቢ ከማርዲን በኩል የመጡ ሴቶች በምድር ምድጃ ዳቦ ይጋግራሉ፤ ሊጡ ዱቄት፣ ውሃና ጨው ብቻ ስለሆነ ለጾም ይሆናል፣ ትኩሱን ሲበሉት ሌላ ነገር አይፈልግም።

ፖሊካርፐስ የተገደለበት ስታዲየም በተራራው ምዕራባዊ ጎን ነበር። ቦታው በቤቶች ተሸፍኗል፤ ድንጋዩ ለከተማው ግንባታ ሲወሰድ ኖሯል። የጥንቱ ቲያትር በሰሜኑ ጎን እየተቆፈረ ነው፣ በአጥር በኩል ይታያል፤ ብዙ ተጓዥ ያንን አይቶ ስታዲየሙ ነው ብሎ ይሄዳል። የ19ኛው ክፍለ ዘመን ተጓዦች በስታዲየሙ አጠገብ፣ በጥድ ዛፍ ሥር፣ የፖሊካርፐስ መቃብር እየተባለ ይታያቸው እንደነበር ጽፈዋል፤ ሙስሊሞችም ቦታውን የራሳቸው ቅዱስ መቃብር ብለው ያከብሩት ነበር። ዛሬ የሚያመለክት ምልክት የለም። ከምሽጉ ምዕራባዊ ግንብ ላይ ቆሞ፣ ባሕሩን ከፊት አድርጎ ቁልቁል ማየት ከሁሉ ይቀርባል።

ደብዳቤው ሰማዕትነቱ የተፈጸመው በስምንተኛው ሰዓት ነው ይላል። ጥንታውያኑ ሰዓት የሚቆጥሩት እንደ እኛ ከፀሐይ መውጣት ጀምረው ስለሆነ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት ማለት ነው። በዚያ ሰዓት እዚያ ቆመን ከምዕራፍ 9 ጀምረን አነበብን። አገረ ገዥው ‹በቄሳር ዕድል ማል፤ ከሐድያን ይጥፉ በል› አለው። ክርስቲያኖቹ ጣዖት ስለማያመልኩ ከሐድያን ይባሉ ነበር። ፖሊካርፐስ በስታዲየሙ የተሞላውን ሕዝብ አይቶ እጁን ወደ እነርሱ አነሳ፣ ወደ ሰማይ ቀና ብሎ ተከዘና ‹ከሐድያን ይጥፉ› አለ። ‹ክርስቶስን ስደብ፣ ልልቀቅህ› ሲለው መለሰ፦ ‹86 ዓመት አገለገልሁት፣ አንዳች አልበደለኝም፤ ያዳነኝን ንጉሤን እንዴት እሰድባለሁ?›

ሕዝቡ አንበሳ እንዲለቀቅበት ጮኸ። የትርኢቱ አዘጋጅ ፊልጶስ ግን የአራዊቱ ትርኢት ስለተዘጋ አልችልም አለ። ከዚህ በፊት በዚችው ከተማ በኩል ታስሮ ያለፈው የአንጾኪያው አግናጥዮስ ምጥው ለአንበሳ ሮም ላይ በአራዊት ጥርስ አልፏል፤ ለፖሊካርፐስም ‹እንደሚመታ መስፍ ጽና› ብሎ ጽፎለት ነበር። ፖሊካርፐስ ግን በራእዩ እንዳየው እሳት ተወሰነለት። ሕዝቡ ከየሱቁና ከየመታጠቢያ ቤቱ እንጨት ሰበሰበ። ልብሱን ራሱ አወለቀ፣ መታጠቂያውን ፈታ፣ ጫማውን ለማውለቅ ሞከረ፤ ይህን ማድረግ አልለመደም ነበር፣ ምእመናን ሥጋውን ለመንካት እየተሽቀዳደሙ ሁልጊዜ ያወልቁለት ነበርና። ሊቸነክሩት ሲመጡ ‹ተዉኝ፣ እሳቱን እንድታገሥ የሰጠኝ እንድጸና ይሰጠኛል› አለ፤ አሰሩት እንጂ አልቸነከሩትም። እሳቱ ነፋስ እንደሞላው የመርከብ ሸራ በዙሪያው ቆመ፤ እርሱም በመካከል እንደሚጋገር ዳቦ፣ በምድጃ እንዳለ ወርቅ ሆነ፤ የዕጣን ሽታ ሸተተ። በመጨረሻ በጩቤ ወጉት፤ ደሙ እሳቱን አጠፋው።

እነዚሁ ምእመናን በደብዳቤያቸው መጀመሪያ ሳይጠሩት ራሱን አሳልፎ ስለሰጠ አንድ ቆንጦስ የሚባል የፍርግያ ሰው ጽፈዋል፤ አራዊቱን ሲያይ ፈርቶ ለጣዖት ሠዋ። ስለዚህ በራሳቸው የሚቀርቡትን አናመሰግንም፣ ወንጌል እንዲህ አያስተምርምና ይላሉ። የፖሊካርፐስን ጽናት የሚያከብር ሰው ቀድሞ እንደሸሸም ማንበብ አለበት።

ከሰዓት በኋላ ወደ ታች፣ ወደ ቅዱስ ፖሊካርፐስ ቤተ ክርስቲያን። የካቶሊኮች ነው፣ በ17ኛው ክፍለ ዘመን የተመሠረተ፣ ከከተማው አብያተ ክርስቲያናት ሁሉ አንጋፋ። ከሜትሮው ቻንካያ ጣቢያ ቅርብ ነው። ከውጭ ከፍ ያለ ግድግዳና ዝግ የብረት በር ብቻ ስለሚታይ ብዙዎች ተዘግቷል ብለው ይመለሳሉ፤ ደወሉን መደወልና መጠበቅ ያስፈልጋል፣ የሚያስገቡትም ከሰዓት በኋላ ለጥቂት ጊዜ ነው። ውስጡ ግድግዳና ጣሪያው በሰማዕቱ ሕይወት ሥዕሎች ተሸፍኗል። ሣላቸው የከተማውን የሰዓት ማማ የነደፈው ፈረንሳዊው አርክቴክት ሬይሞን ፔሬ ነው፤ በሰማዕትነቱ ሥዕል ላይ ራሱንም ከሰዎቹ መካከል አስገብቷል ይባላል።

የካቲት 29 እዚያ ክብረ በዓል ይገኛል ብሎ የሚሄድ ሰው ባዶ ቤተ ክርስቲያን ያገኛል። ካቶሊኮችም ግሪኮችም የሚያከብሩት እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 23 ነው፤ ይህም በእኛ አቆጣጠር የካቲት 16፣ የኪዳነ ምሕረት ዕለት ይውላል። የዕለቱ ምንጭ አንድ ነው፤ ልዩነቱ የዘመን አቆጣጠሩ የ13 ቀን ፈቀቅታ ነው። ከአጥቢያው ሰዎች ጋር ማክበር የፈለገ በዚያ ቀን፣ በስንክሳሩ ቀን ተራራው ላይ መቆም የፈለገ በዚህ ቀን ይሂድ።

የካቲት 30፣ እሁድ፦ ፊልድልፍያ

ደብዳቤው ፖሊካርፐስ ከፊልድልፍያ ሰማዕታት ጋር 12ኛ ሆኖ እንደተሠዋ ይናገራል። የእነዚያን ስም አልጻፈም፤ ከተማቸው ግን አለች፣ ዛሬ አላሼሂር ትባላለች። ከባስማኔ በባቡር ሦስት ሰዓት ገደማ ነው። መንገዱ በማኒሳ ያልፋል። አግናጥዮስ መልእክት የጻፈላት መግኔስያ ግን ይህች አይደለችም፤ ያቺ በደቡብ፣ በሜአንድሮስ ወንዝ በኩል ያለችው ናት፣ መጻሕፍት ሳይቀሩ ያምታቷቸዋል። ከሳሊህሊ በፊት ሳርት የምትባል ትንሽ ጣቢያ አለች፤ የራእዩ ሰርዴስ እርሷ ናት። ሁለቱን በአንድ ቀን ለማየት የባቡሩን የመልስ ሰዓት ጧት ጣቢያው ላይ ማረጋገጥ ያስፈልጋል፤ ባቡሩ ጥቂት ስለሆነ ያመለጠው ሰው በአውቶቡስ ይመለሳል።

አላሼሂር ከተማ መካከል የቅዱስ ዮሐንስ ቤተ ክርስቲያን ሦስት ግዙፍ ዓምዶች ቆመዋል፤ ከታች ድንጋይ፣ ከላይ ጡብ፣ አንዱ ላይ የደበዘዘ ሥዕል ይታያል። ዙሪያው የመኖሪያ ቤት ነው፤ በየመስኮቱ የታጠበ ልብስ ተሰጥቶ ነበር። ግማሽ ሰዓት ይበቃዋል።

የቀረው ጊዜ ለገበያው ነው። አካባቢው ውስጡ ዘር በሌለው የወይን ዓይነት የታወቀ ነው፤ በጨው ውሃ የተቀመጠ የወይን ቅጠል በሩዝና በዘይት ተጠቅልሎ ይሸጣል፣ ለጾም የሚሆን። ለቅዳሴ የሚሆን ዘቢብ መግዛት የሚያስብ ሰው አንድ ነገር ይጠይቅ። እዚህ አብዛኛው ወይን ቶሎ እንዲደርቅ ከፖታሽና ከዘይት ወይራ በተሠራ ውሃ ይነከራል፤ ወርቃማ ቀለም ያለው እርሱ ነው። ሳይነከር በፀሐይ ብቻ የደረቀው ጠቆር ያለ ነው፤ ነጋዴዎቹ ‹ናቱሬል› ይሉታል፣ ከሱቁ ጀርባ አውጥተው ያሳያሉ። ከመግዛት በፊት አንዲት ፍሬ ሙቅ ውሃ ላይ ጥሎ ዘይት መንሳፈፉን ማየት ይቻላል፤ ሻጩ ራሱ የሻይ ብርጭቆውን አቀረበ።